ግማሽ መንገድ ላይ፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ

ዛሬ ኅዳር 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ፍኖተ ሰላም ከገባሁ 45 ቀን ሞላኝ። የመጣሁት ለ90 ቀን ስለሆነ ልክ ግማሹ ላይ ነኝ። ውጭ አገር የምትኖረው ልጄ በደወለች ቁጥር "እማዬ፣ ካምፑ እንዴት ነው?" ትለኛለች። ቀልዷ ነው፤ ግን ከሜዳ የተነሳ ቀልድ አይደለም። የውጭ አገር ሯጮች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሱሉልታ እየመጡ ሳምንታትን በልምምድ ያሳልፋሉ። እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ ሳይቀር እዚያ ተለማምዷል። እኔ ደግሞ በ64 ዓመቴ፣ ስኳርና ደም ግፊት ይዤ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ፣ ዓባይን ተሻግሬ ምዕራብ ጎጃም "ካምፕ" ገባሁ።

ጎረቤቶቼ "ከፍ ያለ ቦታ ፍለጋ ነው?" ብለውኝ ነበር። አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ ፍኖተ ሰላም 1,900 ገደማ ነው፤ ቡሬ ከፍ ብላ 2,100 አካባቢ ትገኛለች። አየሩን ፍለጋ ሳይሆን መንገዱን ስለማውቀው ነው የመጣሁት።

ነርስ ነኝ፤ አሁን ጡረተኛ። በ1970 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቄ ብዙም ሳልቆይ ቡሬ ተመደብኩ። መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ሳንባ ነቀርሳ፣ ጉሮሮ የሚዘጋው ዲፍቴሪያ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮ፣ ኩፍኝ። "ስድስቱ በሽታዎች" እያልን እንደ ዳዊት በቃላችን እንወጣቸው ነበር። መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ስለነበር የክትባቱን ሳጥን ትከሻችን ላይ አንግተን በእግራችን እንሄዳለን። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ከሟሟ ክትባቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ የሚያስሮጠን በረዶው ነበር። ሁለት ሰዓት ሄጄ፣ ሕፃናቱን ከትቤ፣ በዚያው ቀን እመለሳለሁ። ማታ ደግሞ ጭፈራ ካለ አይቀረኝም። ባለቤቴን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ያገኘሁትም በዚያ ዘመን ነው።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ የወንድ ልጄን ልጅ አዝዬ ስወጣ መሀል ላይ ቆምኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። መውጣትም መውረድም አቃተኝ። ሕፃኑን ከጀርባዬ ያወረደልኝ የጎረቤት ልጅ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ምራቴ፣ ክፉ ሳታስብ፣ ልጁን አዝዬ ደረጃ እንድወጣ አትፈቅድልኝም። ለእኔ ከስኳሩም ከግፊቱም በላይ ያመመኝ ይህ ነው።

እናም ለራሴ ዕቅድ አወጣሁ። ከጥቅምት 10 እስከ ጥምቀት ዋዜማ ድረስ ፍኖተ ሰላም፣ ከባለቤቴ እህት ቤት እቀመጣለሁ፤ በየቀኑ እራመዳለሁ፤ መጨረሻ ላይ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በአንድ ቀን በእግሬ እገባለሁ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ለአገሬው ሰው የገበያ መንገድ ነው፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ፍኖተ ሰላም ድሮ ወጀት ትባል ነበር፤ የአሁኑን ስሟን ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ወደ ቡሬ ሲሄዱ በመንገድ ላይ መንኩሳ አለች፤ የፍቅር እስከ መቃብሩ በዛብህ አገር። እኔ በደረስኩበት ሰሞን የኑጉ አበባ እየረገፈ ነበር፤ አሁን ጤፉ እየታጨደ፣ በቆሎው እየተሸለቀቀ ነው። የሚያምረው ግን በርበሬው ነው። በየግቢው ተሰጥቶ ሲታይ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈ ይመስላል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ጠዋት ጠዋት እያስነጠሰኝ ነው የምሄደው።

አሁን ቁጥሩን ልንገራችሁ። ክብደቴ 79 ኪሎ ነበር፤ ዛሬ 77 ተኩል ነው። በ45 ቀን አንድ ኪሎ ተኩል! ተናድጃለሁ፤ ምን እዋሻለሁ። ጥፋቱ የማን እንደሆነም አውቃለሁ። እትዬ፣ የባለቤቴ እህት፣ 71 ዓመታቸው ነው፤ በእሳቸው ቤት "በቃኝ" የሚባል ቃል አይሰማም። "ሞቼ እገኛለሁ፣ ይቺን ብቻ" ይሉና እንጀራውን ይደርቡታል። ቡናው ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፤ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምረው ነው የሚያቀርቡልኝ። ስኳር በሽታ አለብኝ ስላቸው "እሱማ የተማረ ሰው በሽታ ነው" አሉኝ። ለማሳመን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አሁን ያለ ስኳር ይቀዱልኛል፤ ግን እያዘኑልኝ ነው።

የደም ግፊቴ ከ152/94 ወደ 138/86 ወርዷል። በባዶ ሆድ የምለካው ስኳር 190ዎቹ ውስጥ ነበር፤ አሁን 150 ዙሪያ ይመላለሳል። ልጄ "ለምን የሦስት ወሩን ምርመራ አትሠሪም?" ብላ ነበር። ያ ምርመራ የሚያየው ስኳሩ ባለፉት ሁለትና ሦስት ወራት በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የተወውን አሻራ ነው። ሕዋሳቱ ወደ 120 ቀን ይኖራሉ። ዛሬ ብመረመር ውጤቱ የአሁኗን እኔንና ያቺን ደረጃ ላይ የቆመችውን አደባልቆ ነው የሚነግረኝ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው እጠብቃለሁ።

ይልቅ የተደሰትኩበት ሌላ መለኪያ አለ። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ ይቻላል የሚል ቀላል ፈተና አለ። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላለች ሴት ከ12 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው ይባላል። በመጣሁ ማግስት 7 ጊዜ ብቻ ነው የተነሳሁት። አሁን 12 ገብቻለሁ። እትዬን "እስቲ ይሞክሩት" ብላቸው ከወንበሩ ሳይሆን ከዚያች ከእሳት ዳር በርጩማቸው እየተነሱ 14 አደረሱት፤ ከዚያ "ለምንድን ነው እንዲህ የምንሆነው?" ብለው ጠየቁኝ። ዕድሜ ልካቸውን ከመሬት ጋር በተጠጋ በርጩማ ተቀምጠው እየተነሱ ኖረዋል። እኔ ሶፋ ገዝቼ እግሬን አሰነፍኩት።

ቁልቁለት መውረድም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዳገት ልብን ይፈትናል እንጂ ጉልበት የሚያሳምመው ቁልቁለት ነው። ወደ ላህ ወንዝ ስንወርድ እርምጃን ማሳጠር፣ ጉልበትን ጥቂት ማጠፍ፣ ሲከፋ ጎን ለጎን መውረድ፣ ዱላውን ቀድሞ መትከል። የመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ ለመሄድ ሦስት ጊዜ አርፌያለሁ። አሁን አንድ ሰዓት ተኩል ሳልቀመጥ እሄዳለሁ።

እንግዲህ ልተወው ያሰብኩትን ነገር ልናገር። ኅዳር 19 ቀን መንኩሳ ድረስ በእግሬ ደርሼ በሚኒባስ ልመለስ ተነሳሁ። ጾመ ነቢያት ገብቷል። እንደ ልማዴ ጠዋት የስኳር ክኒኔን፣ ግሊቤንክላማይድን፣ ዋጥኩ። ምግብ ግን አልቀመስኩም፤ ከቅዳሴ በኋላ መንኩሳ ላይ እበላለሁ ብዬ ነው። እትዬ የልጅ ልጃቸው አብሮኝ እንዲሄድ ቢሉኝም "መንገዱን አውቀዋለሁ" ብዬ ብቻዬን ወጣሁ።

በአስፋልቱ ዳር ሲኖትራክ ስለሚያስፈራ የገበያተኛውን የእግር መንገድ ያዝኩ። የሚሮጡ ልጆች አለፉኝ። ከዚሁ ዞን፣ ከሰከላ የወጣችው ውዴ አያሌው በ2001 ዓ.ም. በበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ነሐስ አምጥታለች፤ በዚያው ውድድር ብሩ የመሰለች መልካሙ ነበር። ልጆቹን እያየሁ እኔም ፈጠንኩ። ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ሲል እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ልቤ ይደልቃል፤ ከንፈሬ ደነዘዘ። እነዚህን ምልክቶች ለስንት ታካሚ በጣቴ እየቆጠርኩ አስተምሬያለሁ! ያኔ ግን "ፀሐዩ ነው" ብዬ መሄዴን ቀጠልኩ። ስኳር ሲወርድ መጀመሪያ የሚደክመው ማስተዋል ነው። ነርስ መሆኔ አልጠቀመኝም።

በርበሬ የምታሰጣ ሴት ከግቢዋ አየችኝ። ልጇን እንዳዘለች ሮጣ መጥታ ክንዴን ይዛ ከዛፍ ሥር አስቀመጠችኝ። "ውኃ ላምጣ እማማ?" አለችኝ። "ስኳር" ያልኩት ትዝ ይለኛል። ስኳር አልነበራትም። ገብታ በጣሳ ማር በጥብጣ አመጣች። እኔ ጅሏ "ጾም ነው እኮ" ብዬ አጉተመተምኩ። "ይጠጡት እማማ፤ እግዜር ጾመኛ ሆነው ሲሞቱ ማየት አይፈልግም" አለችና ጣሳውን አፌ ላይ ደገነችው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዓለም ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አበላችኝ። ስንጨዋወት፣ ልጇን ልታጠባ ቀሚሷን ከትከሻዋ ስታወርድ፣ ክንዷ ላይ ያችን ትንሽ ክብ ጠባሳ አየሁ፤ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ጠባሳ። ዕድሜዋ ከሠላሳ አምስት ያልፋል፤ ተወልዳ ያደገችውም እዚያው አካባቢ ነው። በእነዚያ ዓመታት በዚህ መንገድ የወጡ የወረዱ ከታቢዎች ብዙ ነን፤ የማን እጅ እንደሆነ ማን ያውቃል። ምንም አልነገርኳትም። ብቻ ጣሳውን ስመልስላት እጇን ያዝኩ።

ማታ ለሐኪሜ አዲስ አበባ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ "በጾም ሰዓት እንደምትቆዪ ለምን አልነገርሽኝም?" ብሎ ነው። መልስ አልነበረኝም። መጠኑን ቀነሰልኝ፤ ከመሄዴ በፊት እንድበላና እንድለካም አዘዘኝ። በማግስቱ የነፍስ አባቴ ዘንድ ደወልኩ፤ "ክኒን የምትውጪ ሴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማን ጹሚ አለሽ?" ብለው እሳቸውም ተቆጡኝ። ከጥሉላቱ እየተከለከልኩ ጠዋት ጠዋት እበላለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የራሴ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል። እኔም በሥራ ዘመኔ ለብዙ ሰው "እንቅስቃሴ አድርጉ፣ ተራመዱ" ብያለሁ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው የምንሰጠው። የትኛውን ክኒን ውጦ፣ ምን በልቶ፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው መንገድ ብዬ የጠየቅኳቸው ጥቂት ናቸው። "ሞከርኩት፣ አዞረኝ፣ ተውኩት" ብለው የተመለሱ እናቶችን ሰነፍ አድርጌ ነበር የማያቸው። አንዷን ተቆጥቻታለሁ፤ ፊቷ ትዝ ይለኛል።

እናንተም እቤታችሁ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ አባት ወይም እናት ካለ፣ "ውጡና ተራመዱ" ከማለታችሁ በፊት ቁርስ መብላታቸውን ጠይቁ። ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ የሚሆን ስኳር በወረቀት ጠቅልላችሁ ክተቱ። ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ ያንን ወስደው ይቀመጡ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻላቸው ይድገሙት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ልጄ ይህን ስትሰማ "በቃ ነይ፣ ካምፑ ይዘጋ" ብላ አለቀሰች። ሁለት ቀን አሰብኩበት። እትዬ ምንም ሳይሉ ቆይተው፣ ትናንት ማታ እግራቸውን እየታጠቡ "ቡሬ የሚገባው በአንድ ቀን ነው ያለሽ ማነው? መንኩሳ ዘመድ አለኝ፣ አድረን እንሄዳለን። እኔም እመጣለሁ" አሉኝ። በዕቅዴ ላይ "በአንድ ቀን" የሚለውን ሰረዝኩት።

ነገ ጠዋት ቁርስ በልቼ፣ ተለክቼ፣ ስኳሬን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ከእትዬ የልጅ ልጅ ጋር በዚያው መንገድ እወጣለሁ። የምንደርሰው እስከዚያች ሴት ቤት ብቻ ነው። ለእሷ ግማሽ ኪሎ ቡና ገዝቻለሁ። እትዬ "ባዶ ቡና ይዘሽ?" ብለው አንድ ኪሎ ስኳር ጨመሩበት።