ጉልቤ ለምን አልተቀመጠም?

ልጆቼ ወትውተው ወትውተው ቡልዶግ ቡችላ አስገዙኝ። ፊቱ እንደተኮሳተረ ስለነበር ጉልቤ አልነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው የምንኖረው።

ማስተማሩን ለራሴ ወሰድኩት፤ ውሻ አላውቅም እንዴ! የማውቀው ግን የአባቴን ግቢ ውሻ ነው፤ ቀን ታስሮ የሚውል፣ ማታ የሚፈታ፣ ተቀመጥ ያለው ሰው ኖሮ የማያውቅ።

እኔ «ቁጭ በል» እላለሁ፣ ባለቤቴ «ተቀመጥ»፣ ልጆቹ «ሲት»። ምስኪኑ በሦስት ቃል መሀል ሲዋልል እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ለአንድ ነገር አንድ ቃል፣ እንደተቀመጠም ወዲያው አንድ ጉርሻ፣ አምስት ደቂቃ ሠርቶ እረፍት፤ የሚያስፈልገው ይሄው ነበር። ዛሬ ሁላችንም «ሲት» ነው የምንለው። ያኔ ግን «ቡልዶግ እልኸኛ ነው» ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ጥፋቱ ከእኔ ላይ ወረደልኛ።

ሐምሌ ላይ ነው፣ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን። መኪና ማቆሚያው ላይ አቁሜው «ቁጭ በል» አልኩት። ቂጡን ዝቅ ያደርግና አስፋልቱን ሊነካ ሲል ብድግ። ደገምኩ። ዝቅ፣ ብድግ። ጎረቤቶች በረንዳ ላይ ሆነው ያዩናል፤ እውነቱን ልናገርና ያናደደኝ ውሻው ሳይሆን እነሱ ማየታቸው ነበር። ወገቡን በሁለት እጄ ተጭኜ አስቀመጥኩት፣ አልለቀቅኩትም። አልነከሰኝም። ማንኮራፋቱ ወደ ማቃሰት ተለወጠ፣ ምላሱ ጠቆረ።

ትልቋ ልጄ ሮጣ ወረደች። መዳፏን መሬቱ ላይ አሳርፋ ወዲያው አነሳች።

«አባዬ፣ እስቲ ንካው።»

ነካሁት። ያቃጥላል። እኔ ወፍራም ጫማ አድርጌያለሁ።

ውሃ አፍስሰንበት፣ የመኪናውን ኤሲ ከፍተን ወደ እንስሳት ሐኪም በረርን። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ ቡልዶግ ደግሞ ሰው መልኩን ሲመርጥለት አፍንጫውን ስላሳጠረበት ማለክለኩም አይበቃውም አለችኝ። ከዚያ ስንት ደቂቃ ፀሐይ ላይ እንደቆየ ጠየቀችኝ።

«አምስት» አልኩ።

ከሃያ ያላነሰ ነበር። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፣ መልሳ የጉልቤን ጆሮ ማሻሸት ቀጠለች። እናቷ ማታ ስትጠይቃትም «አምስት ደቂቃ» አለቻት።