አዲሷ ወፍ

ባለፈው ዓመት እዚህ ሜሪላንድ ለልጃችን ሁለት ዜብራ ፊንች ገዛንላት። ዘራቸው ከአውስትራሊያ የሆነ፣ በመዳፍ የሚያዙ ወፎች ናቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሦስተኛ ጨመርኩና በመጣችበት ቀን ከነባሮቹ ጋር አስገባኋት። ላባዋን ነፍታ ጥግ ስትይዝ በርዷት ይሆናል አልን። ወፍ ሕመሟን እንደምትደብቅ ማን ነግሮን! በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስቱም ሞቱ። ልጄ፣ «ድንቢጥ ስትወድቅ እንኳ ጌታ ያያል ብለሽኝ አልነበር?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳት፤ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አብረን ጸለይን።

የእንስሳት ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ አዲስ ወፍ ቢያንስ 30 ቀን በሌላ ክፍል ለብቻዋ ትቆያለች፤ ምግብና ውኃም የሚሰጣት ነባሮቹ ከተስተናገዱ በኋላ ነው። ኩስ እንዳይገባበት መጠጫው ከሚቆሙበት እንጨት ሥር አይቀመጥም፤ ውኃውም በየቀኑ ይለወጣል። እኔ ደግሞ ጎጆውን የማጥበው በወጥ ቤቱ የዕቃ ማጠቢያ ነበር! ኩሱ ሳልሞኔላ ሊኖረው ይችላል፤ ጌታ ጠብቆን እንጂ እኛም በታመምን ነበር።

አሁን እንደገና ሁለት አሉን። ልጄ ወፎቹን ነክታ እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ምግብ አትነካም፤ እኔንም ትቆጣጠረኛለች።