ምንም አትሠራም

ሃያ ሁለት ደረጃ ነው። የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ እታለም ናት። እኔማ ለመታወቂያ እድሳቱም፣ ለምኑም ለምኑም ስመላለስ ስንት ዘመኔ፤ ደረጃ መኖሩን እንኳ ልብ ብዬው አላውቅም።

እታለም የአክስቴ ልጅ ናት። በሦስት ዓመት ስለምትበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ሁለት ዓመት ሲሆናት የልጅነት ልምሻ ሁለቱንም እግሮቿን ያዛት። የፖሊዮ ክትባት በአገራችን በመደበኛ ፕሮግራም መሰጠት የጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ እሷ ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድማ ታመመች። ዕድሜዋን የገፋችው በክራንች ነው። ክራንች ደግሞ ከእግር ያነሳውን ሸክም ትከሻ ላይ ነው የሚያራግፈው። ሃምሳን ስታልፍ ትከሻዋንና የእጅ አንጓዋን ይጠዘጥዛት ጀመር። ያም ሆኖ አክስቴ በሕይወት እያለች የአክስቴ ጡረታ ነበረች። በ2013 ዓ.ም. አክስቴ ስታርፍ ጡረታዋም አብሮ ተቀበረ።

ሚያዝያ 2014 ላይ ነው እንግዲህ «ቀበሌ እንሂድ» ያልኳት። ቀበሌ የምለው ወረዳውን ነው። ስሙ አዲስ አበባ ውስጥ በወረዳ ከተተካ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ጋር የመጣ ስም እንዲህ በዋዛ ከአፍ አይወጣም።

የሄድነው ለከተማ ሴፍቲኔት ነው። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ድሃውን ለሁለት ይከፍለዋል። መሥራት የሚችለው መንገድ እየጠረገ፣ ችግኝ እየተከለ ይከፈለዋል። መሥራት የማይችለው፣ አረጋዊው፣ ጽኑ ሕመምተኛው፣ አካል ጉዳተኛው ደግሞ ያለ ሥራ «ቀጥታ ድጋፍ» ያገኛል። መጀመሪያ ብቻዬን ነበር የሄድኩት። «ባለጉዳይዋ በአካል ትቅረብ» ተባልኩ። «አካሏ አይደል እንዴ ችግሩ?» ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ቀበሌ ውስጥ ቀልድ ፋይል ያስጠፋል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። ዊልቸር የሚጠቀሙትን ብቻ አይደለም፤ መራመድ እየቻሉ ደረጃ የሚያቅታቸውንም ለይቶ ጠቅሷል። እታለምን አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። ሕንፃው ከአዋጁ ይቀድማል የሚል ይኖር ይሆናል። ይቅደም። የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የሚያየውን ጠረጴዛ ምድር ቤት ለማውረድ ግን አዋጅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ሁለት ጎረምሳ ይበቃል።

ልሸከማት አልኩ። «ጆንያ መሰልኩህ?» አለችኝ። ክራንቾቿን አስያዘችኝና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጀርባዋን ወደ ላይ አዙራ፣ በሁለት እጇ እየተደገፈች፣ አንድ፣ ሁለት እያለች መውጣት ያዘች። ዘበኛው ፊቱን አዞረ። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ከላይ የሚወርዱ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ቆም አሉና ቦርሳቸውን ፈታ አድርገው አሥር ብር ጭኗ ላይ ጣል አደረጉላት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እታለም ግን ብሯን አነሳች፣ አጠፈች፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ መቁጠሯን ቀጠለች። (ብሯ በኋላ ለመታወቂያ ኮፒ ዋለች። መቼም ኮፒ ያልተባለበት ቀበሌ የለም።)

ቢሮው ውስጥ የተቀበለችን ወጣት ትሑት ልጅ ናት፤ ይህን መናገር አለብኝ። «ጋሼ ይቀመጡ» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ከዚያ ፎርሟን አውጥታ እኔን እያየች ጀመረች። «ስሟ ማነው?» «ዕድሜዋስ?» «ምን ሆና ነው?» «ከመቼ ጀምሮ?» እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ተከታትዬ መለስኩ። ስንት ዓመት ክፍል ቆሜ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የሚናገረው አንደኛ መደብ፣ የሚያናግሩት ሁለተኛ መደብ፣ የሚያወሩለት ሦስተኛ መደብ፤ ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ እዚያ የሌለ ሰው ነው እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። እታለም አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጣለች። ከእኛ ውስጥ «አንቺ» ያላት አልነበረም።

«ሥራ ትሠራለች?»

«ምንም አትሠራም» አልኩ።

ይኸውላችሁ፣ ስድስት ኪሎ ስማር ምግቡም መኝታውም ከመንግሥት ነበር። ሳሙናው፣ ደብተሩ፣ የአውቶቡሱ ሳንቲም ግን ከእታለም ሹራብ ነበር። ክረምት ከበጋ ትሠራለች፤ የሰፈሩ ልጅ ግማሹ የእሷን ሹራብ ለብሶ ነው ያደገው። ሹራቡን ከውጭ የሚገባ ልባሽ ጨርቅ ሲያስረሳው ወደ ዳንቴል ዞረች። የጠረጴዛ፣ የሶፋ፣ የቴሌቪዥን። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ደግሞም ተዘጋጅቼበት ነበር የሄድኩት፤ «ትሠራለች ካልክ ያልፋታል» ብለው የመከሩኝ ነበሩ።

«እሠራለሁ» አለች እታለም።

ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። እታለም ከቦርሳዋ ኪሮሿንና ግማሽ የደረሰ ዳንቴል አውጥታ ፎርሙ ላይ ዘረጋችው።

«እማማ» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዲህ ካልሽ እኮ ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ አትገቢም።»

«እጄን ሲሻለው በወር አንድ እጨርሳለሁ። ሳይሻለው ምንም። ይህን የምትጽፊበት ቦታ የለውም?»

ቦታ አልነበረውም። ትሠራለች፣ አትሠራም፤ ሁለት ሳጥን ብቻ።

እዚህ ላይ ሕጉን ሁሉ መውቀስ አልፈልግም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት ይመድባል ይላል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አካል ጉዳተኛ መሥራት ይችላልና በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ አትከልክሉት ሊለን ነው የወጣው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚያስፈልጓት ሴት ስትመጣ ግን የት ታመልክት? በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ይባል የነበረው ሚኒስቴር ለሁለት ሲከፈል ሥራው ወደ ሥራና ክህሎት፣ ማኅበራዊ ጉዳዩ ከሴቶች ጉዳይ ጋር ሄደ። እታለም መሐል ላይ ቀረች።

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና «አትሠራም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ በትንንሽ ፊደል «ሕመሟ ሲፈቅድ የእጅ ሥራ ትሠራለች» ብላ ጻፈች። የሐኪም ማስረጃ አምጡ አለችን፤ ኮሚቴ ያየዋል አለችን።

ስንመለስ ላዳ ውስጥ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ምንም አትሠራም አልክ?» አለችኝ።

«ለአንቺ ብዬ ነው እኮ፣ እታለም።»

«አውቃለሁ ለእኔ ብለህ እንደሆነ። እማዬም ትምህርት ቤት ያላስገባችኝ ለእኔ ብላ ነበር። ትወድቃለች፣ ይስቁባታል ብላ።»

ፊደል የቆጠረችው በ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ፤ አስተማሪው ቤት ድረስ ይመጣላት ነበር። ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር ለምን ዘገየሽ ብዬ ጠይቄያት እንደማላውቅ ያን ቀን ነው የታወቀኝ።

የሐኪም ማስረጃው ሦስት ምልልስ ፈጀ፤ ስለ እሱ አላወራም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰኔ ላይ ስም ዝርዝር ለሕዝብ አስተያየት ተለጠፈ ተባለና ብቻዬን ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የሰፈሩ ድሃ ሁሉ በስም ከነአያቱ ተደርድሯል፤ መንገደኛው ቆሞ ያነባል። ዝርዝሩ ለሁለት ተከፍሏል። የእታለም ስም «መሥራት የማይችሉ» በሚለው ሥር፣ ከታች አራተኛው ላይ አለ። በትንንሽ ፊደል የተጻፈችው ነገር አብራ አልመጣችም።

ደወልኩላት። «ወጥቷል» አልኳት።

«ምን ይላል?»

«ስምሽ አለ።»

ትንሽ ዝም አለች። «በል እንግዲያው እዚያ ከሆንክ» አለችኝ፣ «ፎቅ ውጣና ያችን ልጅ የቴሌቪዥኗ ዳንቴል ደርሷል በላት። ለእናቷ ነው ያዘዘችኝ። ገንዘቡን ግን እጅ በእጅ ተቀበል፤ ዱቤ የለም።»