«ሎኬሽን ልኬልሃለሁ»

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮ ውድነትም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ መንገድ ማመላከት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ድሮ የሠርግ ጥሪ ካርድ ጀርባ ላይ በእጅ የተሳለች ካርታ ትኖር ነበር። አደባባዩ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዚያ ቀስት። ዛሬ ያቺ ካርታ ቀርታ «ሎኬሽን ልኬልሃለሁ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተተክታለች። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙም አይጎዳም፤ ብትሳሳት ሁለት ሰፈር ነው። ከከተማ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አምና ቤተሰባችን ላንጋኖ ዳር ድንኳን ተክሎ ሁለት ቀን ለመሰባሰብ ተስማማ። ከአርሲም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከውጭም የመጣ ዘመድ ነበረ። ዝግጅቱን የያዘው ዘመዳችን (ስሙን አልጠራም፣ ያነበዋል) በቡድናችን ገጽ ላይ ሎኬሽን ለቀቀ፤ በቃ። ካምፑ ያለው በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ነው። እሱ ግን ምልክቱን የጣለው በምዕራብ በኩል፣ ሆቴሎቹ ካሉበት አካባቢ ነበር።

ላንጋኖን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ወደ 240 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነድተህ፣ ባቱን፣ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን ካለፍክ በኋላ በግራህ ይመጣል፤ በቀኝህ የአብያታ ሻላ ፓርክ ነው። የምዕራቡ ዳርቻ ለአስፋልቱ ቅርብ ነው። ወደ ምሥራቁ ለመድረስ ግን አስፋልቱን ትተህ ሐይቁን በደቡብ በኩል በኮረኮንች መዞር አለብህ። ስልክ ላይ ስታየው የአንድ ጣት ርቀት ነው። ስትነዳው ግን ጣትህን አትመንበት።

አጎቴ ጋሼ የነበሩበት ሚኒባስ ምልክቱን ተከትሎ ምዕራብ ዳርቻ ሲደርስ መሽቶ ነበር። ኔትወርክ የለም። ውኃው ማዶ የእኛ እሳት ይታያቸዋል፤ መድረሻ ግን የለም። ጋሼ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። መድኃኒታቸውን «እራት ደርሷል» ተብለው ቀድመው ወግተዋል። እራቱ ያለው ማዶ ነው። ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። እህቴ ከመንገድ ዳር ሱቅ ለስላሳ ገዝታ እስክታጠጣቸው ድረስ መኪና ውስጥ የነበረውን ጩኸት አልነግራችሁም። ካምፑ ሲደርሱ እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚህ ዘመን ደግሞ በሌሊት በማያውቁት መንገድ መሄድን ማን ይመርጣል?

በማግስቱ ብዙ ተሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ድንኳን ተከራይቶ፣ በግ ገዝቶ፣ ጀነሬተር ጭኖ፣ እንግዳው እንዴት እንደሚደርስ አሥር መስመር አለመጻፍ ምን ዓይነት ግብዣ ነው? እንግዳ መቀበል የሚጀምረው በር ላይ አይደለም፤ እንግዳው ከቤቱ ሲነሣ ነው።

ዘንድሮ ጽሑፉን እኔ ልጻፍ ብዬ ተቀበልኩ። ስጽፈው ሥራው ከገመትኩት በላይ ሆነ።

መጀመሪያ ነገር፣ መንገዱ ራሱ ተለውጧል። በ2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ሥራ ሲጀምር የደብረ ዘይትን መሐል ከተማ ማለፍ ቀረ። አሁን ከሞጆ በመቂ ወደ ባቱ የሚወስድ ፈጣን መንገድም አለ። እናቴ «መቂ ላይ ሐብሐብ ከሚሸጡት ዘንድ ስትደርሱ» ብላ የምታመላክተው ከተማውን ሰንጥቆ ለሚያልፈው ለድሮው መንገድ ነው። በአዲሱ የሄደ ሰው ሐብሐቡን ሲጠብቅ ባቱ ይደርሳል።

ስሙም አለ። ታላላቆቻችን ዝዋይ፣ ናዝሬት፣ ደብረ ዘይት ይላሉ፤ ሰሌዳው ባቱ፣ አዳማ፣ ቢሾፍቱ ይላል። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ሌላ ቀን እናነሣዋለን። ለመንገደኛ ግን ሁለቱንም ጽፌያለሁ።

ሰዓቱን ደግሞ «ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በውጭ አቆጣጠር 3» ብዬ አስቀመጥኩ። ውጭ ያደጉት ልጆች ዘጠኝ ሲባል ጠዋት እንዳይመስላቸው።

ከሁሉ የረዘመው ግን ስለ መጠየቅ የጻፍኩት ነው። በአገራችን «ይሄ መንገድ ወደ ካምፑ ይወስዳል?» ብለህ ከጠየቅህ መልሱ «አዎ» ነው። ሰውየው እየዋሸህ አይደለም፤ እንግዳን ማሳፈር ስለማይፈልግ ነው። «ቅርብ ነው?» ካልክም ቅርብ ነው። ስለዚህ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አትስጠው። «ይሄ መንገድ የት ያደርሳል?» በለው፤ ያኔ የሚያውቀውን ይነግርሃል። በዚያ አካባቢ ደግሞ «ካራን ኩን ኤሳ ገአ?» ብለህ በኦሮምኛ ብትጠይቅ ፊቱም መልሱም ይለወጣል። መኪናው ውስጥ ቋንቋውን የሚችል ሰው ካለ ከፊት ይቀመጥ ብዬ በግልጽ ጻፍኩ። አንዱ የአጎቴ ልጅ «ይሄም ይጻፋል እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ይጻፋል።

የቀረው አጭር ነው። አስፋልቱን ከመልቀቃችሁ በፊት ነዳጅ ሙሉ። ካርታውን ኔትወርክ ሳለ አውርዱት። አህያና ከብት መንገድ ላይ ስላሉ አትፍጠኑ። ከ11 ሰዓት በኋላ ባቱ ያልደረሰ እዚያው ይደር፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጨልሟል። መድኃኒት የሚወጋ ሰው ካለ ምግብ እስኪቀርብ አይውጋ፤ ምግቡ ሊርቅ ይችላልና መክሰስ ይያዝ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ደግሞ ሰው እናቆማለን፤ ከ8 ሰዓት ጀምሮ፣ ባትሪ ይዞ።

ዘመዳችን ጽሑፉን አይቶ «በዛ፣ ማን ያነበዋል?» ብሎኛል። ጋሼ ግን በወረቀት አሳትመው ሹፌሩ ፊት ለፊት እንዲለጥፈው ሰጥተውታል። ጉዞው የፊታችን ቅዳሜ ነው።