ልብ ቀድሞ መቅደላ ወጣ፤ ጉልበት ግን…

ስፖርት ትቶ የቆየ ሰው ሁሉ አንድ የጋራ በሽታ አለበት። ሰውነቱን የሚያስታውሰው ባቆመበት ቀን እንደነበረ አድርጎ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ አምስት ሺህ ሜትር ይሮጥ ከነበረ፣ ዛሬም ቢነሳ የሚሮጥ ይመስለዋል። ሱሪው ወገቡ ላይ እምቢ ቢለው «ሲታጠብ ጠቦ ነው» ይላል። ታክሲ እንዳያመልጠው ሃያ እርምጃ ሮጦ ልቡ ጉሮሮው ሥር ሲመታ ደግሞ «ትናንት እንቅልፍ አልወሰደኝም» ብሎ ያልፈዋል። ከተማ ውስጥ ሰበብ አይጠፋም። ሰበብ የሚያልቀው ዳገት ላይ ነው!

ይህን በዓይኔ ያየሁት አምባ መቅደላ ነው። በጥር 2015 ዓ.ም አራት ሆነን ከአዲስ አበባ ተነሳን፤ እኔ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ እጮኛውና የእሷ ወንድም። ጓደኛዬ በትምህርት ቤታችን የታወቀ ሯጭ ነበር። ታዲያ ትምህርት ከጨረስን ሰባት ዓመት ሆኖናል። በነዚህ ዓመታት ሥራ ያዘ፣ ቀኑን ወንበር ላይ ማታውን ሶፋ ላይ ማሳለፍ ለመደ፣ አባቱንም ቀበረ። አባቱ የሞቱት በደም ግፊት ነው። ከጉዞው ሦስት ወር በፊት የሱም ግፊት ከፍ ማለቱን ሐኪም ነገረው። «ቀስ እያልክ ተንቀሳቀስ ብሎ ፈቅዶልኛል፤ ብቻ ለሷ ትንፍሽ እንዳትል፤ በሽተኛ ላገባ ነው ወይ እንዳትል» አለኝ። እናላችሁ፣ መቅደላ የሚሄደው ታሪክ ሊጎበኝ ብቻ አልነበረም።

እኔም ብሆን ከሱ የማልሻል ነኝ። ስድስት ሳምንት ሲቀረን ማለዳ ማለዳ የመስቀል አደባባይን ደረጃ መውጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ዙር ላይ ኮከብ ታየኝ። እሁድ እሁድ እንጦጦ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እንጦጦ ከመቅደላ ይበልጣል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ መቅደላ 2,780 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,400 አካባቢ ላይ ነች። ስለዚህ የአዲስ አበባ ልጅ መቅደላ ላይ እያለከለከ «አየሩ ሳስቶብኝ ነው» ቢላችሁ አትመኑት። ከለንደን የመጣ ቢለው ያምርበታል።

እውነቱ ሌላ ነው። ልምምድ ካቆምን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልባችን በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይቀንሳል፤ ያው ሥራ ሁለት እጥፍ የከበደ ይመስላል። ደግነቱ ስንመለስ ትንፋሽ በሳምንታት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል። ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ብዙ ተመላሽ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው፤ ትንፋሹ ሲሻለው የዳነ ይመስለውና ጉልበቱን ይዞ ይቀራል።

ወደ መንገዱ ልመልሳችሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ አድረን ወደ ተንታ አቀናን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ወይም በበቅሎ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ሰምታችሁ መካነ ሰላም የሚሄድ መኪና እንዳትሳፈሩ። የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ናቸው፤ አገሩ ግሩም ቢሆንም አምባው እዚያ አይደለም። ሌላው፣ እኛ ከሄድን ወዲህ፣ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ፣ በክልሉ ግጭት አለና የአገሩን ሰው ሳትጠይቁ ሻንጣ አትሸክፉ።

መንገድ የመሩን ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ኮንጎ ጫማ ያጠለቁ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ ሰው ናቸው። አንዲት በቅሎም ይዘዋል። ጓደኛዬ በቅሎዋን አይቶ ሳቀ። «ጋሼ፣ እሷን ለሴቶቹ» አለ። (ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ያውም ከሁላችን ዝግ ብላ፣ ግን ሳትቆም ትሄዳለች።) የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እንደ ድሮው ፊት ፊት መራን። ከገበያ የሚመለሱ እናቶችን ሸክማቸውን እንደያዙ ቀደማቸው። ሰውየው ዝም ብለው ያዩታል።

ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ እነዚያው እናቶች ሲያልፉን፣ ጓደኛዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። «እናንተ ሂዱ፤ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» አለ፤ ዓይኑን ከእጮኛው እያሸሸ። እኔ የማውቀውን ስለማውቅ ደነገጥኩ። «ደረትህን ያምሃል?» አልኩት። አላመመውም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው ያጠረው። እናንተም ይህን ልዩነት ያዙ። ማለክለክ ሌላ ነው። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣ፣ ወይም ራስ ካዞረ ግን «ትንሽ አርፌ ልቀጥል» የለም፤ ጉዞው እዚያው ያበቃና ወደ ሐኪም ነው። ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ዳገት ከመጀመሩ በፊት ነው ሐኪም የሚጠይቀው።

ሰውየው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። «አብሽር» አሉት፣ እንደ ወሎ ሰው ወግ። ውሃ አጠጡት፣ ቆሎ ዘገኑለት፣ ሲረጋጋ አስነሱት። «አሁን ከኔ ጎን ሁን። እስከ ሰባት ቤት ዘርህን እየቆጠርክልኝ ትሄዳለህ። አፍህ ካቃተው እግርህ ፈጥኗልና ቀንስ።» ስፖርት የሚያሠለጥኑ ሰዎች የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ እየሄዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ቃል በቃል ከተቆራረጠ በዝቷል። ጓደኛዬ ጀመረ። አራተኛው አያቱ ላይ ሲደርስ ዝም አለ።

«ደከመህ?» አሉት።

«አይ ጋሼ፣ ከዚህ በላይ አላውቅም።»

ሳቃችንን ለቀቅነው። እጮኛው ግን አልሳቀችም። መጥታ ክንዱን ያዘችና «የሐኪም ቤት ካርድህን ኪስህ ውስጥ ካየሁ ሁለት ወር ሆነኝ። እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነው» አለችው። ምን እንደመለሰላት አልሰማሁም፤ እኔና ወንድሟ ጫማ ማሠሪያ አስቸገረን ብለን ወደ ኋላ ቀረን።

የመጨረሻውን ቀጥ ያለ ዳገት በበቅሎ እንዲወጣው ሰውየው ሲለምኑት እንደገና ኩራቱ መጣ። «እንግሊዝ እንኳ እዚህ በዝሆን መጥቷል፤ አንተ በበቅሎ ብትወጣ ነውሩ ምንድን ነው?» አሉት። እውነታቸውን ነው! በ1860 ዓ.ም የጄኔራል ናፒየር ጦር 44 ዝሆኖች ነበሩት። ጓደኛዬ መልስ አጣ፤ ወጣባት።

ሴባስቶፖል ጋ ስንደርስ ግን ወርዶ በእግሩ ቀረበ። ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት ምስሉ ነው፤ ዋናው መድፍ እዚህ አለ። ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን፣ ከደብረ ታቦር እዚህ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎተተ፤ መንገዱን ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ነው ያሠሩት። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ጓደኛዬ ብረቱን እየዳሰሰ «እኔን በግማሽ ቀን አደረሳችሁኝ» አለ። አምባው ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ያለፉበትን ቦታ አይተን፣ ወደ በሽሎ የሚወርደውን ገደል ቁልቁል ስናይ ሁላችንም አንደበት አጣን። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ ሂዱና እዩት።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፤ ቁልቁለቱን! ስንወጣ ጡንቻ እየተኮማተረ ይገፋናል፤ ስንወርድ ግን የጭናችን የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይዞ ያቆየናል። ልብ ስለማያስመታ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ሕመሙም የዚያን ዕለት አይመጣም፤ በማግስቱና በሠልስቱ ነው የሚብሰው። በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱትም ከርመው ሲመለሱ የሚቀጣቸው ይኸው የጭን ጡንቻ ነው። በነገራችን ላይ አገራችን በረዷማ ተራራ ባይኖራትም ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሎምፒኮች በበረዶ ሸርተቴ ወክሏታል።

መድኃኒቱ ዱላና ልምምድ ነው። ዱላው ከጉልበት ላይ ሸክም ያነሳል፤ የአገሩ ሰው ያለ ዱላ የማይንቀሳቀሰው ለጌጥ አይደለም። ልምምዱን በተመለከተ፣ ሁሉም ሰው መውጣትን ይለማመዳል፣ መውረድን የሚለማመድ የለም። ከጉዞው አንድ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ረዘም ያለ ቁልቁለት በእግር ብትወርዱ ጡንቻው ትምህርቱን ለሳምንታት ይይዛል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ታድላችኋል፤ ደረጃው በራችሁ ላይ ነው። እኔ ከእንጦጦ በታክሲ ሳይሆን በእግሬ እየወረድኩ ነበር የከረምኩት፤ በማግስቱ ቡና ለመጠጣት ከደሴው ሆቴል ደረጃ እንደ ሰው ወረድኩ። ጓደኛዬ ግን ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ፣ ሐዲዱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ የኋሊት ነው የወረደው። እጮኛው ከታች ቆማ ትቆጥርለታለች፤ «ሦስት ቀረህ… ሁለት…»

ከሠርጋቸው ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ መስቀል አደባባይ ይመጣሉ። አይሮጥም፤ እያወራ ነው የሚወጣው። ግፊቱን በየጊዜው ይለካል፤ ካርዱም ከኪስ ወጥቶ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ባለፈው ሳምንት አገር ቤት ያሉት ታላቅ አክስቱ ጋ ደውሎ ነበር። አምስተኛውንና ስድስተኛውን አግኝቷል። ሰባተኛው ላይ አክስትየው ራሳቸው ተጠራጥረዋል።