ሳምንቱን ማን ቆጠረ?

አሥረኛ ክፍል ሳለን አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። ኅዳር ሲገባ የዩኒፎርሟ ቀሚስ ሆዷ ላይ ጠበባት፤ በሦስተኛው ሳምንት በሹራብ መሸፈን ጀመረች። ክፍሉ ወዲያው ፈረደ፣ «አርግዛለች» ተባለ። እኔም ከፈራጆቹ አንዷ ነበርኩ፤ ወንበር ቀየርኩ። አንድ መምህርም ከሰልፍ ለይተው «ወላጅ ይዘሽ ነይ» አሏት። በዚያው ቀረች።

እናቷ ሐኪም ቤት የወሰዷት «ማነው? ንገሪኝ!» እያሉ ሲያስለቅሷት ከከረሙ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ተልካ ናሙና ሲመረመር እርግዝና የለም፤ ሁለቱም የእንቁላል ዕጢዎቿ በነቀርሳ አብጠዋል። በሽታው ቡርኪት ሊምፎማ ይባላል።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ስም የሰው ስም ነው። ዴኒስ ቡርኪት የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ ሲሆን ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. መንጋጋው ግራና ቀኝ ያበጠ ሕፃን አሳዩት። ብዙም ሳይቆይ ጂንጃ ከተማ ፊቱ እንደዚያው ያበጠ ልጅ አየ፤ ሆዱን ቢዳብስ እዚያም ዕባጭ አገኘ። ሰውዬው ዝም አላለም፤ በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየዞረ በየሆስፒታሉ «እንዲህ ያለ አይታችኋል?» ሲል ጠየቀ። በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት፣ ወባ በሚበዛበት አገር እንደሚበረታ የታወቀው በዚህ ዓይነት ልፋት ነው። በብዛት የሚይዘው ሕፃናትን ነው፤ ልጃገረዶችን ሲይዝ ግን አንዳንዴ የእንቁላል ዕጢ ላይ ይወጣል።

እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። የዚህ ነቀርሳ ሴሎች በአንድ ሁለት ቀን እጥፍ ይሆናሉ። እርግዝና እኮ በሦስት ሳምንት እንዲያ አይገፋም! አርባ ስምንት ተማሪ ነበርን፣ ባዮሎጂም እንማር ነበር፤ አንዳችንም ሳምንቱን አልቆጠርንም። ፍጥነቱ ግን ለመድኃኒትም ያጋልጠዋል፤ ቶሎ ከተደረሰበት በመርፌና በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ብዙዎች ይድናሉ።

እሷም ድናለች። ፀጉሯ ተመልሶ በቅሏል። ትምህርቷን ግን እኛ ጋ አልቀጠለችም፤ ሌላ ትምህርት ቤት ገብታ አሥረኛን ደገመች። ቤታቸው ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። እስካሁን ሄጄ ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ለዕረፍት አገር ቤት ስገባ እሄዳለሁ።