ያቺ «ኤስ»

ጋዜጠኝነት ስንማር «ምንጫችሁን ጠብቁ» ይሉናል፤ እንዴት የሚለው ግን ክፍል ውስጥ አይነሳም። ለእኔ የገባኝ ከቱኒዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ፣ ሕዝቡ አደባባይ በወጣበት ሰሞን፣ የፌስቡክ መግቢያ ገጽ ሳይመሰጠር ይጓዝ ስለነበር መንገድ ላይ ኮድ ሰርጎ እየገባበት የይለፍ ቃል ተሰረቀ። ፌስቡክም የቱኒዚያን ተጠቃሚዎች ወደ ኤችቲቲፒኤስ አዞረ።

እንግዲህ ያቺ በስሙ መጨረሻ ያለችው «ኤስ» ደብዳቤውን ታሽጋለች፤ መንገድ ላይ የነካካው ካለም ታሳብቃለች። ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ ግን አትሸፍንም! የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈታችሁ መስመሩን የሚያስተዳድረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያያል (ምን እንዳነበባችሁ ባያይም)። ለዚህ ነው ጥቆማ ያላቸውን ወዳጆቼን «ከመሥሪያ ቤታችሁ ኢንተርኔት አትጻፉልኝ» እያልኩ የምለምነው።